የምክር ቤት ባለሙያ ሥነ ምግባር ሥልጠና በባሕር ዳር፦ ሁለተኛው ቀን ብቻውን ይበቃ ነበር

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን ላስቀድም። ሥልጠናው ጥሩ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ የሚከፍል ከሆነ ዓይናችሁን ሳታሹ ሂዱ። ከኪሳችሁ ከሆነ ግን «ሁለተኛውን ቀን ብቻ ሽጡልን» ብላችሁ ተከራከሩ። የአንደኛው ቀን ግማሹ የምታውቁት ነገር ነው። የሦስተኛው ቀን ዋና ሥራ ደግሞ ሰርተፊኬት ማደል ነው።

እኔ የምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ጀመርኩ፤ አሁን የአንድ ቋሚ ኮሚቴ ባለሙያ ነኝ። የትኛው ምክር ቤት እንደሆነ ይቅር። ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ተመራጮቹ ይናገራሉ፣ ይጠይቃሉ፣ እጃቸውን አውጥተው ድምፅ ይሰጣሉ። እኛ ከኋላ ሆነን አጀንዳ እናሰናዳለን። ረቂቅ አዋጅ አንብበን ማብራሪያ እንጽፋለን። የመስክ ምልከታ ሪፖርት እናረቅቃለን። ማን ምን እንዳለ እንመዘግባለን። እኛን የመረጠን ሕዝብ የለም። ስለዚህ የማንም ወገን መሆን የለብንም። ሥልጠናው የሚያወራው ስለዚችው ነገር ነው።

አዘጋጁ አንድ የግል አማካሪ ድርጅት ነው። ከታች ስለማማው ስሙን አልጠራም። ቦታው ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች የአንዱ አዳራሽ ነው፤ ከረቡዕ እስከ ዓርብ። ከወረዳና ከዞን ምክር ቤቶች የመጡ ሰዎች ነበሩ። መንገድ አላስኬድ ብሏቸው የቀሩም እንደነበሩ ሰማን። አዳራሹ ንጹሕ ነው፣ ኤሲው ግን ያንቀጠቅጣል። ከጣና ዳር ተቀምጦ ጋቢ መናፈቅ ምን ይባላል?

የመጀመሪያው ጠዋት እንደፈራሁት ጀመረ። አሥራ ሁለቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች። እነዚያ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ተሰቅለው የምናያቸው። ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ምስጢር መጠበቅ እያለ እስከ አርአያ መሆን ይወርዳል። እነዚህን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ሰልጣኙ ከአሰልጣኙ ቀድሞ ነበር የሚጨርሳቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»ም ተነሣ። ያ ተረት ያልተነሣበት የሥነ ምግባር ሥልጠና እስካሁን አልገጠመኝም።

የሚያናድደኝ መደጋገሙ አይደለም። እዚያው ዝርዝር ላይ ግልጽነትና ምስጢር መጠበቅ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በእኛ ሥራ ደግሞ ሁለቱ በየቀኑ ይጋጫሉ። አንድ ተመራጭ በጓዳ «እንዲህ ያለ ማሻሻያ አርቅቂልኝ» ይለኛል። ጋዜጠኛው በዚያው ቀን ደውሎ «ምን እየተረቀቀ ነው?» ይላል። ሰብሳቢዋ ደግሞ «እገሌ ምን አስጻፈሽ?» ትላለች። የትኛው መርህ ነው የሚቀድመው? ያን ጠዋት ይህን የነካ ሰው አልነበረም።

ከሰዓት አሜሪካ ገባን። ወጣቱን አሰልጣኝ እዚህ ላይ ላመስግነው፤ አንብቦ ነው የመጣው። በፈረንጅ አቆጣጠር 1901 የዊስኮንሲን ግዛት ቻርልስ ማካርቲ በሚባል ሰው መሪነት ለሕግ አውጪዎቹ የማመሳከሪያ ክፍል ከፈተ። በ1914 ደግሞ ኮንግረሱ ተመሳሳይ ክፍል በራሱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አቋቋመ፤ ዛሬ የኮንግረስ የምርምር አገልግሎት የሚባለው ነው። የዊስኮንሲኑ ቢሮ በሕግ የታሰረ ነው። ከወገንተኝነት ፈጽሞ መራቅ አለበት። ማን ምን እንዲረቀቅለት እንደጠየቀም ምስጢሩን መጠበቅ አለበት። ጠዋት ለጎደለው ጥያቄ ግማሽ መልሱ ይኸው ነበር፤ አሰልጣኙ ግን ከመርሆዎቹ ጋር ሳያያይዘው አለፈ። ጉባኤው የሕዝብ ነው፣ በሩ ክፍት ነው። ገና ያልቀረበው ረቂቅ ግን የጠያቂው ነው። እሱ እስኪያወጣው ድረስ ለሰብሳቢዋም አይነገርም።

አሰልጣኙ ያልነገረን ሌላም ነገር አለ። እዚያ ከገለልተኛው ባለሙያ ሌላ ለተመራጩ ብቻ የሚሠራ፣ ለፓርቲው ቡድን ብቻ የሚሠራ ሠራተኛ አለ። ንግግር የሚጽፍለት እሱ ነው። የሚሟገትለትም እሱ ነው። ገለልተኛው ገለልተኛ መሆን የሚቀለው የወገንተኛውን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው ስላለ ነው። ከአንድ ወረዳ የመጣች እህታችን እጇን አውጥታ «እኔ ጋ ባለሙያዋም፣ ቃለ ጉባኤ ያዧም፣ ለአፈ ጉባኤው ንግግር የምጽፈውም እኔው ነኝ። በየትኛው እጄ ነው ገለልተኛ የምሆነው?» አለች። አዳራሹ ሳቀ። መልስ ግን አላገኘችም።

ሌላው ደግሞ ፊት ለፊት ጠየቀ። «በ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም የፌዴራል ምክር ቤት ወንበር ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ይዘውት ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ገለልተኛ የምሆነው በማንና በማን መካከል ነው?» አሰልጣኙ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለና ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ።

የዚያን ቀን ጥሩው ነገር የመጨረሻው ሰዓት ላይ መጣ። ሮበርት ዶቭ የሚባል ሰው የአሜሪካ ሴኔት የሥነ ሥርዓት አማካሪ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 በበጀት ሥነ ሥርዓት ላይ የሰጠው ውሳኔ አብላጫውን የያዙትን ሪፐብሊካኖች አላስደሰተም። ከቦታው አነሡት። በ2012 ደግሞ ያ የምርምር አገልግሎት በከፍተኛ ገቢ ላይ ስለሚጣል ግብርና ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት አንድ ሪፖርት አወጣ። ሴናተሮች ሲቆጡ አነሣው። ወራት ቆይቶ አሻሽሎ መልሶ አወጣው። አዳራሹ ያን ጊዜ ነቃ። ከኋላዬ አንዱ «እነሱም ጋ ስልክ ይደወላል ማለት ነው!» ሲል ሰማሁት። አሜሪካን የምታስተምሩን ከሆነ እንዲህ አስተምሩን። የታነጸውን ብቻ ሳይሆን የተሰነጠቀውንም አሳዩን።

ምሳውን ሳልናገር ባልፍ የከተማዬ ሰው ይታዘበኛል። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ቀረበ። ቆሮሶው ትኩስ ነው፣ ዘይት አልበዛበትም፣ ሎሚም አልተረሳም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ግን ከጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ይልቅ የጋለ ነበር። ቡናው የሆቴል ቡና ነው፤ ተከድኖ ይብሰል።

ሁለተኛው ቀን ላይ ልዘግይ፤ ገንዘቡ የሚዋጣው ለእሱ ነው።

የዚያን ቀን አሰልጣኝ ጡረታ የወጡ የጉባኤ ጸሐፊ ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ስላይድ የላቸውም። የያዙት ባዶ ወረቀት፣ ቀይ እስክሪብቶና ፕላስተር ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1979 መጨረሻ ያ 835 ተመራጮች የነበሩት የደርግ ዘመን ምክር ቤት፣ ብሔራዊ ሸንጎ፣ ሲቋቋም እሳቸው በአንድ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበሩ።

መጀመሪያ የድምፅ ቅጂ አሰሙን። ለሥልጠናው ተብሎ የተተወነ የወረዳ ምክር ቤት ጉባኤ ነው። የውኃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊው የሩብ ዓመት ሪፖርት ያነባል። አፈጻጸሙ ያማረ ነው። አንዲት ተመራጭ ትነሣና «ተጠናቋል ያሉት ቦኖ ጋ እናቴ ዛሬ ጠዋትም ባዶ ጀሪካን ይዛ ተመልሳለች» ትላለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ኃላፊው የፓምፕ ችግር ነው ይላል። ወዲያ ወዲህ ይባልና ድምፅ ይሰጣል። አንድ ተቃውሞ፣ ሁለት ድምፀ ተአቅቦ፤ ሪፖርቱ ጸደቀ።

«ቃለ ጉባኤውን ጻፉ» አሉን። ጻፍን። ወረቀቶቻችንን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ደረደሩ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶአቸውን ይዘው አንድ በአንድ አነበቡ፤ ምንም ሳይናገሩ። አብዛኛው ወረቀት «በቀረበው ሪፖርት ላይ ሰፊ ውይይት ከተካሄደ በኋላ ጸድቋል» ነው የሚለው። እኛ ቤት የለመድነው አጻጻፍ ነው። ጋሼ በየወረቀቱ ጠርዝ ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፈው አለፉ፤ «ጀሪካኑስ?»

አንዱ ወጣት ተከራከረ። «ጋሼ፣ ግነት ነው ብዬ ነው የተውኩት። ማስረጃ አላቀረበችም።»

«መመዘን የአንተ ሥራ ነው እንዴ?» አሉት። «ማመንና አለማመን የቤቱ ነው። አንተ ለቤቱ አስቀምጥለት።»

ሌላዋ «እኔ እንኳን ጽፌዋለሁ፤ ተመራጯ በስሜት ተውጠው ተናገሩ ብያለሁ» አለች። የሚመሰገን መስሏት ነበር።

«እሱንም አጥፊው ልጄ። ስሜቷ የአንቺ ግምት ነው። ጀሪካኑ የእሷ ንግግር ነው።»

ከዚያ ወደ ድምፁ ሄዱ። ተቃውሞውንና ድምፀ ተአቅቦውን የጻፈ ጥቂት ሰው ነው። ያልጻፍነውም ክፋት አስበን አይደለም። ጸደቀ ከተባለ በኋላ የቀረው ትርፍ ነገር መስሎን ነው። ጋሼ ግን አለቀቁንም። በመጪው ዓመት ያ ቦኖ አሁንም ደረቅ ሆኖ ቢገኝ፣ ያኔ ያልተስማሙት ሦስት ሰዎች «ብለን ነበር» የሚሉበት ቦታ ያ ገጽ ብቻ ነው። እሱን ያጠፋ ባለሙያ ሳያውቀው ከኃላፊው ጎን ተሰልፏል። ወገንተኝነት ማለት መፈክር ማሰማት ብቻ ይመስለን ነበር። እንዲህ በዝምታ በአራት ነጥብ ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የእጅ ሥራውንም አስተማሩን። ገጹ ቁጥር ይኑረው። ከታች ባዶ ቦታ ከቀረ በሰረዝ ይዘጋ፤ ነገ ሌላ ሰው እንዳይሞላው። የድምፅ ቅጂው ቃለ ጉባኤው በቀጣዩ ስብሰባ እስኪጸድቅ አይጥፋ። ተመራጭ መጥቶ «ያላልኩትን ጽፈሽብኛል» ካለ ቅጂው ይከፈትና ስህተት ካለ ይታረም። «ያልኩትን አጥፊልኝ» ካለ ግን አይቻልም። ሐሳቡን ከለወጠ በሚቀጥለው ጉባኤ ተነሥቶ ይናገር፤ እሱም ይመዘገብለታል። እኔ ይህን ልዩነት በልቤ አውቀው ነበር። እንዲህ አሳጥሮ ለኃላፊ የሚነገርበትን አነጋገር ግን አሁን ነው ያገኘሁት።

ከሰዓት በኋላ የስልኩ ጨዋታ መጣ። ጋሼ የቢሮ ኃላፊ ሆነው «ይደውላሉ»፣ እኛ ተራ በተራ እንመልሳለን። የመስክ ምልከታ ሪፖርት አርቅቀናል እንበል። «እታለም፣ ሪፖርቷን አየኋት። ቆንጆ ነች። ያችን ያልተሠራውን ነገር ብቻ ትንሽ አለዝቢያት እንጂ፤ እየሠራን ነው እኮ።» አነጋገራቸውን ስትሰሙ ዕድሜ ልካቸውን ቢሮ የመሩ ትላላችሁ። አዳራሹ ውስጥ ይህ ስልክ ያልተደወለለት ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሳቃችን ያስታውቃል።

የመጀመሪያዎቹ መላሾች ወይ ተለሳለሱ ወይ ተጣሉ። ጋሼ የፈለጉት ሌላ ነው። «ሪፖርቱ የኮሚቴው ነው። ሰብሳቢዋን ያነጋግሩልኝ። እርስዎ መደወልዎንም እነግራታለሁ።» በቃ። ስድብ የለም፣ ጀግንነትም የለም። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት ሥራውን የምትሠራው።

ሰብሳቢዋ ራሷ «አለዝቢው» ካለችስ? እዚህ ላይ ሪፖርቱን ለሁለት ከፈሉት። ድምዳሜውና ምክረ ሐሳቡ የኮሚቴው ነው፤ ተመራጮች ናቸውና ማለዘብ መብታቸው ነው፣ ባለሙያው ይታዘዛል። የታየው ነገር ግን የታየ ነው። ቦኖው ደረቅ ነበር ከሆነ ደረቅ ነበር። እሱን ለውጪ ከተባልሽ በጽሑፍ ይዘዙሽ፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ ከነቀኑ ፋይል ውስጥ አኑሪው። ፌስቡክ ላይ ግን አትውጪ።

የትናንቱ ጠያቂ 547ቱን ወንበር እንደገና አነሣ። ጋሼ አልሸሹም። «ወገን ማለት ፓርቲ ብቻ ነው ያለህ ማን ነው? አስፈፃሚው አንድ ወገን ነው፣ ምክር ቤቱ ሌላ ወገን ነው። በአንድ ፓርቲ ልጆች ቢሞሉም ሥራቸው ሁለት ነው።» ሕገ መንግሥቱም የሚለው ይህንኑ ነው። አንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤትን የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ያደርገዋል፤ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው ይላል። አንቀጽ 54 ደግሞ የፌዴራሉ ተመራጭ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። ቢሮው በምክር ቤቱ ሪፖርት ላይ እጁን የሚያስገባው በእኛ በኩል ከሆነ፣ ይህ ሁሉ አንቀጽ በአንድ የስልክ ጥሪ ይሻራል።

አንዱ «በሸንጎው ጊዜስ ገለልተኛ ነበሩ?» አላቸው፤ ትንሽ ድፍረት ነበረበት። «ፈሪ ነበርኩ እንጂ ገለልተኛስ አልነበርኩም። ገጽ ግን ቀድጄ አላውቅም» አሉ።

የማልስማማበትን ልናገር። ጋሼ ባለሙያ ረቂቁን ፋይል ውስጥ አኑሮ ዝም ይበል ሲሉ፣ ደረቅ ቦኖ ጋ ለቆመው ሰው የሚተርፈው ነገር ትንሽ ነው። ፋይሉን የሚከፍተው ማነው? እርግጥ ባለሙያ በየጊዜው ወደ ጋዜጠኛ ቢሮጥ ማንም ተመራጭ ረቂቁን አያምነውም። እሱ ይገባኛል። ነገር ግን የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል፤ ከነገደቦቹ። ለጠየቀ ሰው የት አመልክቶ በምን መልኩ እንደሚጠይቅ ማሳየት ምስጢር ማውጣት አይደለም። ሥልጠናው ይህን አዋጅ አንድም ቦታ አለማንሣቱ ትልቅ ጉድለት ነው።

ሦስተኛውን ቀን ቶሎ ልለፈው። የፌስቡክ ነገር ጥሩ ክርክር አስነሣ። «በግል ስልኬ የፓርቲ ገጽ ላይክ ባደርግ ማንን ጎዳሁ?» ተባለ። ወጣቱ አሰልጣኝ የተሻለውን መልስ የሰጠው እዚህ ነው። ላይክህን ያየው የሌላው ወገን ተመራጭ ነገ ረቂቁን ይዞ ወደ አንተ አይመጣም። የተጎዳው ሥራህ ነው። «ከናቴራ ለብሳችሁ ሰልፍ ውጡ ስንባልስ?» ሲባል ግን ሰዓቱን አየ።

ከዚያ ማሩ መጣ። አንድ ሰልጣኝ፣ ተመራጩ ከወረዳው አንድ ጆግ ማር ይዞለት እንደመጣ ተናገረ። አሰልጣኙ «ስጦታ ክልክል ነው» አለ። «መልሼበት ከዚያ በኋላ እንዴት ነው ዓይን ለዓይን የምንተያየው?» አለ ሰውየው። እውነቱን ነው፤ ጎጃም ውስጥ ማር መመለስ ቀላል አይደለም። ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የነበሩት ጋሼ «ቢሮ ውስጥ ሁሉም ፊት ክፈተው፣ ሁሉም ይቅመሰው። ማር ላላመጣው ተመራጭም በዚያው ፍጥነት ሥራለት» አሉ። ተጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። የዛሬው ማር ለዘመን መለወጫ በግ ይሆናል፤ በግ ቢሮ ውስጥ ተከፍቶ አይቀመስም። ማን ምን እንደሰጠ የሚጻፍበት መዝገብ በየጽሕፈት ቤቱ ቢቀመጥ ከሁለቱም መልስ ይሻላል።

አሁን ሐሜቱን ልጨርስ። የሥልጠና ሰነዱ ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ ግማሹ አይነበብም። ግማሹ ደግሞ ከእንግሊዝኛ በችኮላ የተገለበጠ ነው፤ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጽ የለውም። የጋሼ ትምህርት በሰነዱ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ የለም፤ ያልጻፈ ሰው ባዶ እጁን ነው የሄደው። የውሎ አበል ዝርዝር በክፍለ ጊዜው መሀል እየዞረ ስንቱን አቋረጠ። የሰርተፊኬት አሰጣጡ ከጠዋቱ ውይይት በላይ ረዘመ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ፎቶ ያስፈልጋል መሰለኝ።

ትልቁ ጉድለት ግን ሰነዱም አበሉም አይደለም። አንድም አፈ ጉባኤ፣ አንድም የጽሕፈት ቤት ኃላፊ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። የመክፈቻ ንግግር አድርገው የሄዱ አሉ። ስልክ የሚደወልላቸውን ሰብስቦ አሠልጥኖ፣ የሚደውሉትን በንግግር መሸኘት ምን ይሉታል? ሰኞ ቢሮ ገብቼ «በጽሑፍ ይዘዙኝ» ብል፣ ሥልጠናውን ያልወሰደው አለቃዬ የሚሰማው ንቀት ነው። ይህንን አስተያየት መስጫ ቅጹ ላይ ጽፌዋለሁ። አስተባባሪዋ አንብባ «ለኃላፊዎች የግማሽ ቀን ፕሮግራም ይታሰባል» አለችኝ። ግማሽ ቀን ካላችሁ የስልኩን ጨዋታ አጫውቷቸው፤ እነሱ የባለሙያውን ቦታ ይዘው ይመልሱ።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥቻለሁ። ሦስቱ የጋሼ ናቸው፣ ግማሹ የሮበርት ዶቭ ታሪክና የቆሮሶው። በሚቀጥለው ዙር የምትሄዱ ወፈር ያለ ሹራብ ያዙ። ሁለተኛው ቀን ላይ ፊት ወንበር ያዙ፤ ጋሼ ማይክ አይጠቀሙም። ማስታወሻ ደብተር ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ የሚሰጠው በጣም ቀጭን ነው። ከመሸ ባጃጅ ስለማይገኝ የመመለሻችሁን ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ።